አጫሽ ለሆነ የአእምሮ ህመምተኛ ዘመዳችሁ የሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራን እንዴት ታስረዱታላችሁ (ወሎ ላይ ሆናችሁ)

እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ቀድሜ ልናገር። ኮምቦልቻ ሚኖር ታላቅ ወንድም አለኝ፣ ስኪዞፍሬኒያ ነው የተባለው (ድምጽ ሚያሰማ፣ ጥርጣሬ ሚያበዛ የአእምሮ ህመም)፣ ከታመመ ሰላሳ ዓመት እያለፈው ነው፣ በየወሩ መርፌ ይወጋል፣ የመርፌውን ካርድ እኔ ነኝ ምይዝለት፣ ሲጋራውን ግን ራሱ ነው ሚይዘው፣ ማንም አይነካበትም። ዓምና አንድ የሰፈራችን ሰው በሳንባ ካንሰር ሞተ፣ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር፣ እሱም አጫሽ ነበር። ከዛ በኋላ ነው እኔ ማንበብ፣ ነርስ ማስቸገር፣ ሀኪም መጠየቅ የጀመርኩት፣ ለቤተሰብ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ደግሞ ፈልጌ አላገኘሁም፣ ስለዚህ ይኸው።

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልናዘዝ። «አያ፣ ደሴ እንውጣና ጫማ ልግዛልህ» ብዬ ነበር የወሰድኩት። ሐረጎን በሰላም ወጣን፣ ሸዋ በር ወርደን ባጃጅ ያዝን፣ ከምርመራ ማዕከሉ በር ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ቆሞ ሲያይ ገባው፣ ባጃጁ ሳይቆም ዘለለ። ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ከዛ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከኔ እጅ ቡና አልጠጣም፣ «የሆነ ነገር ጨምረሽበታል» እያለ፣ እውነቱን ነውኮ፣ አንዴ የዋሸ ሰው ምን አይጨምርም። እኛ ሀገር የአእምሮ ህመምተኛን አታሎ ሀኪም ቤት መውሰድ እንደ ብልሃት ነው ሚታየው፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ ለአንድ ቀን ይሰራ ይሆናል። ይሄ ምርመራ ግን በየዓመቱ ሚደገም ነው፣ ስለዚህ ለራሱ ካልገባው አይሆንም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከሁለተኛው ሙከራ የተገኘ ነው።

1. ለሱ ሚሆን ምርመራ ነው ወይ? ፍሬ ቁጠሩ

ምርመራው ሎው ዶዝ ሲቲ ስካን ይባላል፣ ጨረሩ የተቀነሰ ሲቲ ማለት ነው። ራጅ አይተካውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ትልቅ ጥናት 53 ሺህ ገደማ አጫሾችንና የቀድሞ አጫሾችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በሲቲ ግማሹን በራጅ ሲያይ ከርሞ፣ በሲቲ የታዩት ላይ በሳንባ ካንሰር መሞት በ20 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ «ራጅ ተነስቶ ነጻ ነው ተብሏል» ሚል ዘመድ ካለ፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

ለማን ነው? ብዙ ቦታ ሚጠቀሰው አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት መስፈርት ነው፦ ዕድሜ ከ50 እስከ 80፣ ቢያንስ 20 «ፓኬት ዓመት» ያጨሰ፣ አሁንም ሚያጨስ ወይ ካቆመ 15 ዓመት ያልሞላው። (የአሜሪካ ካንሰር ማህበር እ.ኤ.አ. በ2023 ያቺን የ15 ዓመት ገደብ ትቷታል።) ፓኬት ዓመት ማለት በቀን አንድ ፓኬት ለአንድ ዓመት ማለት ነው። እኛ ሰፈር ግን ማን በፓኬት ይገዛል፣ ሁሉም በፍሬ ነው፣ ስለዚህ ሂሳቡን እንዲህ አቅልሉት፦ በቀን ስንት ፍሬ ሲባዛ በስንት ዓመት፣ 400 ከሞላ አሟልቷል። ፓኬቱ 20 ፍሬ ስለሆነ ነው። በቀን 10 ለ40 ዓመትም ያው፣ በቀን 20 ለ20 ዓመትም ያው።

ዓመተ ምህረት አትጠይቁት። ወንድሜን «መቼ ጀመርክ» ብለው «ድሮ» ነው ሚለኝ። ወሎ ላይ ደግሞ እድሜ ልክ ሚታወሱ ቀኖች አያንሱንም፣ በነሱ ጠይቁ።

«አያ፣ የ77 ድርቅ ጊዜ ታጨስ ነበር?»
«ምን ሲጋራ፣ ስንዴ ሰልፍ ላይ ነበርን'ኮ።»
«ወታደር ቤትስ?»
«እዛ ነዋ፣ አስር አለቃው ነው ያስለመደኝ።»
«ደርግ ሲወድቅ?»
«ያኔማ ለምጄ ነበር። በእግሬ ስመጣ ኒያላ ብቻ ነበር ኪሴ ውስጥ።»

ይኸው፣ በኛ አቆጣጠር 1982 ገደማ ጀመረ ማለት ነው፣ 36 ዓመት። ብዛቱን ስጠይቀው «አንድ ሁለት» አለኝ። እኔም አመንኩት፣ ከዛ የሱቁ ልጅ የዱቤ ደብተሩን ሲያሳየኝ በስሙ ፊት ጭረት በጭረት ነው፣ አምስት አምስት እየታሰረ፣ በቀን 12 ገደማ። 12 በ36፣ 432። ይቅርታ አያ፣ ደብተር አይዋሽም።

ጋያ ሚያጨሱ፣ ሺሻ ሚያዘወትሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን በኩበትና በእንጨት ጭስ ጎጆ ውስጥ ያበሰሉ እናቶች አሉ፣ ይሄ ሂሳብ እነሱን አይቆጥርም። ያም ሆኖ ለሀኪሙ ንገሩ፣ ጭስ ጭስ ነው።

2. ሚያስል ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ

ቅድመ ምርመራ ምንም ሳይሰማው ላለ ሰው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ሚያስል፣ አክታው ደም ያለበት፣ ሌሊት ሚያልበው፣ ሱሪው እየሰፋው የመጣ ከሆነ ይሄን ጽሁፍ ትታችሁ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ አክታ ይመርመር፣ እኛ ሀገር መጀመሪያ ሚጠረጠረው ቲቢ ነው፣ የቲቢ ህክምና ደግሞ በነጻ ነው። ቲቢ አይደለም ከተባለም በዚያ አያብቃ፣ ለምን እንደሚያስል እስኪታወቅ ተከታተሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠብቁ። አንዴ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄጄ «ደረቴን ይወጋኛል» ሲል ባለሙያው ካርዱ ላይ የአእምሮ መድሃኒቱን አየና፣ ወንድሜን ሳያይ እኔን አይቶ «ሃሳብ ነው፣ መድሃኒቱን በስርዓት ይውሰድ» ብሎ ሸኘን፣ ስቴቶስኮፕ እንኳን አላደረገበትም። ይሄ ሁሌ ያጋጥማል። ቡታጅራ አካባቢ ለዓመታት የተደረገ ክትትል ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል፣ ከገደሏቸው ነገሮች ትልቁን ድርሻ የያዘው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው፣ ማለትም ሌላ ሰው ሚታከመው ዓይነት። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት በወረቀት ጻፉ፦ ሳል የጀመረበት ቀን፣ አክታው ምን እንደሚመስል፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሰ፣ 432 ምናምን። ወረቀቱን ስጡ። ወረቀት ላይ ያለን ነገር «ሃሳብ ነው» ማለት ይከብዳል።

3. መጀመሪያ ቃሉን አጥሩት

ይሄ ነው ብዙ ጊዜ የበላኝ። «አያ ሳንባህን እንመርመር» ስለው «ሳምባ የለብኝም፣ ተመርምሬ ነጻ ነህ ተብያለሁ» ይለኛል። ተናደድኩ፣ ግትር ነው ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ልክ እሱ ነው። እኛ ጋ «ሳምባ ያዘው» ማለት ቲቢ ያዘው ማለት ነው። በዛ ላይ ቲቢን በመጽሐፍ አማርኛ «ሳንባ ነቀርሳ» እንለዋለን፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ካንሰርንም «ነቀርሳ» ነው ሚሉት። ስለዚህ «የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ» ስትሉት እሱ ሚሰማው አክታ በቢልቃጥ፣ ስድስት ወር ኪኒን፣ ጎረቤት ብርጭቆ ሚለይበት በሽታ ነው። በቃ ጆሮው ተዘጋ።

እኔ አሁን እንዲህ ነው ምለው፦ «ቲቢ አይደለም፣ ሚተላለፍ አይደለም፣ ከሰው ሚለይ አይደለም። ሲጋራ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ሳንባ ውስጥ እጢ ሊበቅል ይችላል፣ ገና ትንሽ ሳለ አያምም፣ አያስልም። ካንሰር ይባላል። ማሳ ላይ አረም ገና ሲያጎነቁል ብታየው ትነቅለዋለህ አይደል፣ እንደዛ ነው ምንፈልገው።» ገበሬ ቤት ያደገ ነው፣ አረም ሲባል ወዲያው ነው የገባው። ካንሰር ሚለውን ቃል ግን አልደበቅኩም። ዘመዶቻችን «ያ ክፉው» ምናምን እያሉ ነው ሚጠሩት፣ ስሙን ከጠራነው ይመጣል ብለው ነው መሰለኝ። ድምጽ ለሚሰማው፣ ሰው ስለኔ ያወራል ብሎ ለሚጠረጥር ሰው ግን በሹክሹክታ መናገር ከቃሉ የባሰ ነው።

4. መቼ፣ የት

ወንድሜ መርፌው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ይከፋዋል፣ በሩን ይዘጋል፣ ያኔ ስለምንም ነገር አላወራውም። ከተወጋ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ጥሩ ነው። ጠዋት፣ ጫት ሳይነካ። ከሰዓት ቅጠሉ ከመጣ በኋላ ሁሉን ነገር «እሺ» ይላል፣ ማታ ላይ ሁሉን ረስቶ ፊቱ ይጠቁራል (ጫቱ ራሱ ለህመሙ ጥሩ አይደለም፣ ያ ግን የሌላ ቀን ጦርነት ነው፣ ሁለቱን ባንድ ቀን አትክፈቱ)። እንግዳ ባለበት አይሆንም። አስታራቂ ሽማግሌ ሰብስቦም አይሆንም፣ ችሎት የቀረበ ነው ሚመስለው።

ለኛ የሰራው ቡና ነው። ወሎ ቡና ቶሎ አያልቅም፣ ጊዜ አለ። ህመሙ ትኩረትን ይበላል፣ መድሃኒቱም ያደነዝዛል፣ አምስት ነገር ባንዴ ብትነግሩት አንዱም አይቀርም፣ ስለዚህ ለአንድ ቡና አንድ ነገር ብቻ። አቦሉ ላይ እነግረዋለሁ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዛ ወሬ እንቀይራለን፣ ገበያ፣ ዝናብ፣ የእገሌ ልጅ ሰርግ። ቶናው ላይ «አያ ቅድም ያልኩህን እስቲ ለእማ ንገራት፣ እኔ ስነግራት አይገባትም» እላለሁ። እሱ በራሱ አፍ ሲነግራት ምኑ እንደገባው ምኑ እንደተጣመመ እሰማለሁ፣ የተጣመመችውን ብቻ አቃናለሁ። «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሌም «አዎ» ነው መልሱ፣ እኔም ሀኪም ፊት እንደዛ ነኝ። በረካው ላይ ምንም የለም፣ ምርቃት ነው፣ ቡናው እንደ ቡና ይለቅ።

አራት ቡና ፈጀብኝ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ።

5. አራቱ ነገሮች

የመጀመሪያው ቡና፣ በሽታው ምንድነው፣ ከላይ ያልኩት ነው።

ሁለተኛው፣ መኪናው። (እኛ ቤት ማሽን ሁሉ መኪና ነው።) አልጋ አለ፣ በጀርባ ይተኛል፣ አልጋው ትልቅ ቀለበት ውስጥ ወጣ ገባ ይላል፣ ቀለበቱ ከፊትም ከኋላም ክፍት ነው፣ አይዘጋም። መርፌ የለም፣ በደም ስር ሚገባ መድሃኒት የለም፣ ጾም መዋል አያስፈልግም፣ ማንም አይነካህም፣ አያምም። ትንፋሽ ያዝ ይሉሃል፣ ለአስር ሰከንድ ገደማ፣ ከዛ ልቀቅ ይሉሃል። ጨረሩስ ካለ፣ 1.5 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ሲኖር ከምድርም ከሰማይም በግማሽ ዓመት ገደማ ሚያገኘውን ያህል። ይሄን ለሱ «ስድስት ወር ጸሐይ ስር እንደመቀመጥ» ብዬ ነበር የነገርኩት፣ ልክ አይደለም፣ የጸሐይ ሙቀት ሌላ ነው፣ በኋላ አረምኩት። ትንሿን ስህተትም አርሙ፣ እምነት ሚገነባው እዛ ላይ ነው።

እዚህ ጋ ነው ፍርሃቱ የወጣው። «ሃሳቤን ያነባል፣ ወደ እነሱ ይልከዋል።» እነሱ እነማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም። ድሮ ቢሆን «የምን እነሱ፣ ተው እንጂ» ብዬ እከራከር ነበር፣ በክርክር አሸንፌው አላውቅም። አሁን «የለም ውሸት ነው» አልልም፣ «አዎ ያነባል»ም አልልም። «ይሄ ነገር ያስፈራሃል፣ ገባኝ። እኔ ማውቀው ሚነሳው ከአንገት በታች እስከ ሆድ አፍ ያለው ብቻ እንደሆነ ነው፣ ፎቶውን አብረን እናየዋለን» አልኩት። ከዛም በሌላ ቀን ምንም ሳንመረመር ሄደን ክፍሉን ብቻ አየን፣ ቀድሜ ደውዬ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ ልጁ ደግ ነበር፣ አልጋውን ባዶውን አንሸራትቶ አሳየው። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በቀለበቱ ውስጥ ወዲያ ማዶ ያለውን ግድግዳ አየና «ክፍት ነው ለካ» አለ። ያቺ አንዲት ጉብኝት ከሦስት ቡና ትበልጣለች። ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሦስተኛው ቡና፣ ጉዳቱ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እንዳይፈራ ብሎ። አትዝለሉት። ያ የአሜሪካ ጥናት ላይ በየዙሩ በአማካይ ከ100 ተመርማሪ 24ቱ ላይ የሆነ ነገር ታይቶ ነበር፣ ከነዚህ ውስጥ ከ96 በመቶ በላዩ ግን ካንሰር አልነበረም። እኛ ሀገር ደግሞ የድሮ ቲቢ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ሲቲ ላይ ነጥብ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «ነጥብ ሊያዩ ይችላሉ፣ ነጥብ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም፣ ምናልባት ከጥቂት ወር በኋላ እንደገና ና ይሉሃል» ብሎ አስቀድሞ መንገር። ሳይነገረው «ና» ቢሉት ተመልሶ ሚሄድ ይመስላችኋል?

አራተኛው፣ ከተገኘስ። ገና ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ዋናው ህክምና ቀዶ ጥገና ነው። እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን፣ ለዚህ ዓይነቱ ነገር መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ነው፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የጨረር ህክምናማ ለብዙ ዓመት በሀገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የነበረው። ሰውየው በሌላ ህመም ደክሞ ቀዶ ጥገና ማይችል ከሆነ፣ ወይም ቢገኝም አልታከምም ካለ፣ ምርመራው ጭንቀት ብቻ ነው ሚጨምርለት። ይሄን ከሀኪሙ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጸበልና ዱዓን በተመለከተ። የኛ ቤት ድብልቅ ነው፣ እማ ግሸን ትሳላለች፣ የአባባ ወገን ሼኮቹ ጋ ይሄዳል፣ ወንድሜ ሁለቱንም ተወስዷል። «ጸበሉን ተው» ብዬው አላውቅም። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፣ መርፌው እንዳይቋረጥ። እማም «ይመርመር፣ እኔ እዛው ሆኜ እጸልያለሁ» አለች፣ በቃ ተስማማን። ቤታችሁ ውስጥ ቃሉ ሚሰማ ቄስ ወይ ሼክ ካለ ቀድማችሁ አስረዱት፣ እሱ «ሂድ» ካለው ግማሹ ስራ አለቀ።

6. እምቢ ካለ

ተዉት። አትሰሩት፣ አታስይዙት፣ በቡናው ምንም አትጨምሩበት። ይሄ ድንገተኛ ህክምና አይደለም፣ ዛሬ ቢቀር ነገ አለ። ህመም ስላለበት ብቻ ስለ ራሱ ሳንባ መወሰን አይችልም ማለት አይደለም፣ ወንድሜ የሱቁን ሂሳብ ከኔ ይልቅ ያውቃል። «እሺ አያ፣ ከመስከረም በኋላ እንደገና እጠይቅሃለሁ» በሉና በተባለው ጊዜ ጠይቁ።

7. ሲጋራው፣ መድሃኒቱ

ምርመራው ሲጋራ አያስቆምም፣ «ነጻ ነህ» ከተባለ በኋላ እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ሚጨምርም አለ። ስለ ማቆም በሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ አንድ ነገር ግን እዚህ ካላልኩ ሀጢያት ይሆንብኛል። የሲጋራ ጭስ (ኒኮቲኑ አይደለም፣ ጭሱ) ጉበት አንዳንድ የአእምሮ መድሃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል፣ በተለይ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን። ስለዚህ ሀኪሙ ያዘዘው ልክ ለአጫሽ የተመጠነ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ድንገት ሲያቆም በሳምንት ገደማ ውስጥ መድሃኒቱ በደም ውስጥ ይበዛል፣ ይተኛል፣ ይንገዳገዳል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ክሎዛፒን ከሆነ እስከ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ይችላል። ቤተሰብ ደግሞ «ሲጋራ ሲያቆም ባሰበት፣ ግዙለት» ይላል። ማቆሙ ሳይሆን ልኩ ነው ችግሩ። ለማቆም ካሰበ ቀድሞ ለአእምሮ ሀኪሙ ይነገር፣ ልኩ ይስተካከል። እናንተም በራሳችሁ ኪኒን አትቀንሱ። «ማቆሚያ መድሃኒት ያሳብደዋል» ሚባለው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ከ8 ሺህ በላይ ሰው ያሳተፈ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ህመም ታሪክ ያላቸው፣ ቫሬኒክሊንም ቡፕሮፒዮንም (ሁለቱም ሲጋራ ማቆሚያ ኪኒኖች ናቸው) ከባዶ ኪኒን ጎልቶ ሚታይ ተጨማሪ የአእምሮ ችግር እንዳላመጡ አሳይቷል። ቡፕሮፒዮን ሚጥል በሽታ ላለበት ግን አይሆንም።

ሌላው ልመናዬ፣ ለማረጋጋት ሲጋራ አትስጡት። እኛ ለዓመታት ሰጥተነዋል፣ መርፌ ከተወጋ ሁለት ፍሬ ሽልማት። ከ432ቱ ውስጥ የኛ እጅ ስንት እንዳለበት አላህ ይወቀው።

8. ወረቀትና ብር

የማህጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በጤና ጣቢያዎች እንዳለው ለሳንባ እንደዛ የተዘረጋ ነገር እኛ ጋ የለም። ራሳችሁ ናችሁ ምትጠይቁት። ከአእምሮ ክትትሉ ሀኪም ጀምሩ፣ ሚያውቀው እሱ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ፣ ሲቲው ይሰራል ወይ (ተበላሽቷል ተብሎ መመለስ አለ)፣ ሎው ዶዝ ያደርጋሉ ወይ፣ ስንት ነው፣ ውጤቱን ራዲዮሎጂስት መቼ ያነበዋል። የጤና መድህን ካርድ ካለው ሪፈሩ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በቅደም ተከተሉ መምጣት አለበት፣ ይሄን ምርመራ ይሸፍን አይሸፍን ቀድማችሁ ጠይቁ። የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ የዓመት መልሶ ምርመራ ብሩን ሁሉ አስቡት፣ አንዴ ተነስቶ ማይደገም ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

9. የዕለቱ

ኪኒኑን እንደ ወትሮው ይውሰድ፣ ቁርስ ይብላ። ከኮምቦልቻ ምትወጡ ከሆነ ሐረጎ ላይ ሚያስመልሰው ሰው ከፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ደሴ ጠዋት ትበርዳለች፣ ጋቢ ያዙ። ትንፋሽ መያዙን ሳምንት ቀድማችሁ ቤት ውስጥ ተለማመዱ፣ እኛ ልጄ በስልኩ እየቆጠረ እስከ አስር አለማመደው፣ እንደ ጨዋታ፣ እሱም ልጄን አሸነፈው። ወንድ ከሆነ ወንድ አጃቢ ይኑር፣ ልብስ ማውለቅ አለ።

ደግሞ አንገቱ ላይ ያለውን ነገር አስቡ። ደረት ላይ ብረት ካለ ፎቶውን ያበላሻል፣ መስቀል፣ ሀብል፣ በብር ወይ በቆርቆሮ የታሸገ ክታብ። የክር ማተብ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ወንድሜ ክታብ አለው፣ ከታመመበት ዓመት ጀምሮ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፣ ድምጾቹን ሚመልስልኝ እሱ ነው ይላል። እዛ በር ላይ «አውልቅ» ቢባል ያኔ ነበር ሚያልቅልን። ቀድሜ ከሳምንት በፊት ጠየቅኩት፣ «ለአስር ደቂቃ ማን ይያዝልህ?» ብዬ። ሁለት ቀን አሰበበት። «አንቺ ያዥው፣ መሬት እንዳይነካ» አለኝ። በሁለት እጄ ይዤ በመስታወቱ በኩል እንዲያየኝ ቆምኩለት። ባጃጅ ላይ የዋሸሁት እኔው ነኝ'ኮ።

መኪናው ውስጥ ያለው ጊዜ ከአንድ ፊንጃል ቡና ያነሰ ነው። ረጅሙ ወረፋው ነው፣ ስለዚህ «ጠዋት መጀመሪያ ላይ አስገቡን» ብላችሁ ለምኑ፣ የተጨናነቀ ኮሪደር ላይ ሦስት ሰዓት ማስቀመጥ ጥሩውን ሰውም ያሳምማል።

10. ውጤቱ

ውጤት ሚመጣበትን ቀን ቁርጡን ጠይቁ፣ «እንደውልላችኋለን» አይበቃም፣ ባዶውን ጊዜ ድምጾቹ ይሞሉታል። እኛ ሐሙስ ተባልን፣ ሐሙስን በጣቱ እየቆጠረ ነው የጠበቀው። ሲነገርም ለሱ ይነገር፣ እናንተ ጎን ተቀመጡ። ሀኪሙ ወደኔ ዞሮ ሲጀምር «እባክህ ለሱ» አልኩት፣ ደንገጥ አለ፣ ግን ዞረ።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው ባጭሩ። ምንም የለም፣ በዓመቱ ተመለስ። ትንሽ ነጥብ አለች፣ ከጥቂት ወር በኋላ ወይ በዓመቱ ትታይ፣ ይሄ በጣም ብዙ ነው ሚያጋጥመው፣ ካላደገች ጥሩ ነው። ሚያጠራጥር ነገር አለ፣ ናሙና ይወሰድ። ሦስተኛው ከሆነ ብቻችሁን አትሩጡ፣ የአእምሮ ሀኪሙም ይወቅ፣ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ የመርፌው ቀን መንገድ ላይ እንዳያልፍ ካርዱን ያዙ። ፎቶውንና የተጻፈውን ንባብ ቤት አስቀምጡ፣ በዓመቱ ሚያነጻጽሩት ከሱ ጋር ነው።

የወንድሜ ነጥብ አላት፣ በቀኝ በኩል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ሀኪሙ የድሮ ጠባሳ ትመስላለች አለ፣ ያም ሆኖ በዓመቱ ይታይ። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አሳየው፣ ወንድሜ ጠጋ ብሎ ቆይቶ አየና «ሃሳቤ የለም እዚህ ውስጥ» አለ። ሀኪሙ አልገባውም፣ እኔ ገባኝ። ክታቡን አንገቱ ላይ መልሼ አሰርኩለት። ቀጠሮውን ምጽፍበት ሌላ ወረቀት አልፈለግኩም፣ ሌላ ወረቀት ቤታችን ይጠፋል፣ ማይጠፋው የመርፌ ካርዱ ነው፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ሳንባ፣ ጥቅምት» ይላል፣ ከስሩ እሱ ራሱ በእጁ «ክታብ እህቴ ትይዛለች» ብሎ ጨምሮበታል።